ልጆች ለተሰጣቸው ስጦታ በገዛ እጃቸው ጽፈው ያመስግኑ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ሲሆን፣ በምሥራቅ ጎጃም ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዘመን አማርኛ ሳስተምር ኖሬ አሁን በጡረታ ላይ የምገኝ መምህር ነኝ። ጉዳዬ ለአንዳንድ አንባቢ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ልጆች ስጦታ በተቀበሉ ጊዜ ለሰጪው አጭር የምስጋና ደብዳቤ በገዛ እጃቸው እንዲጽፉ ስለ ማስለመድ ነው። ወቅቱም ለዚህ የተመቸ ነው። ዘመን መለወጫ አልፎ ትምህርት ቤት ሲከፈት ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳርና ከባሕር ማዶ ለልጆች የሚላከው ደብተር፣ ቦርሳ፣ ጫማና ልብስ ወደ ጎጃም ከተሞችና ገጠሮች በብዛት ይገባል። አክስት በሾፌር እጅ ትልካለች፣ አጎት አገር ቤት ለሚገባ ሰው ያስይዛል፣ ገንዘብ ከሆነም በባንክ ወይም በቴሌብር ይደርሳል። ከልጁ ወደ ሰጪው የሚመለስ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም።

የለም ስል ቤተሰቡ አያመሰግንም ማለቴ አይደለም። እናት ወዲያው ስልክ ትደውላለች፤ «እግዜር ይስጥልን፣ ዕድሜ ይስጥሽ፣ ምነው ይህን ሁሉ ተቸገርሽ» ትላለች። ከዚህ ቀጥሎ የሚሆነውን ግን በቤቱ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስልኩ ድንገት ልጁ ፊት ይደቀናል፤ «በል አክስትህን አመስግን!» ይባላል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ በእናቱ ቀሚስ ይሸሸጋል፣ ወይም ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምፅ «አመሰግናለሁ» ብሎ ያመልጣል፤ «ጮክ በል እንጂ፣ አይሰማትም!» የሚል ተግሣጽም ይከተለዋል። አክስት ከወዲያ ማዶ «ተዪው፣ አታስጨንቂው» ትላለች፤ ወሬው ተመልሶ የትልልቆቹ ይሆናል። ልጁ ከዚህ የሚማረው ነገር ቢኖር፣ ምስጋና በሰው ፊት የሚያፍሩበትና ቶሎ የሚገላገሉት ግዴታ መሆኑን ነው። ሰጪዋም ብትሆን ቦርሳው ልጁን ደስ አሰኝቶት እንደሆነ፣ ጫማው ልክ መጥቶለት እንደሆነ ሳታውቅ ስልኩ ይዘጋል።

ልጅን ምስጋና ማስተማር ለባህላችን እንግዳ ነገር አይደለም። ልጅ ከታላቅ ሰው የሚቀበለው በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ነው፤ በአንድ እጁ የዘረጋ እንደሆነ የሚቆጣው ሰው አያጣም። በቡሄ ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች ሙልሙሉን ወይም ሳንቲሙን እንደ ተቀበሉ ወደሚቀጥለው ደጅ አይሮጡም፤ ቆመው የቤቱን ባለቤት፣ እመቤቲቱንና ቤቱን መርቀው ነው የሚሄዱት። ጎጃምን በቅኔ ስሟን ካስጠሯት ከዋሸራና ከጎንጅ ጉባኤ ቤቶች ወጥቶ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የሚለምነው የቆሎ ተማሪም፣ ለተሰጠው ቁራሽ ምርቃት ሳይመልስ ከደጅ አይርቅም። ነገር ግን በእነዚህ ሁሉ ሰጪና ተቀባይ በአንድ ደጅ ላይ ተገናኝተው የቆሙ ናቸው፤ ሰጪው የልጁን ፊት ያያል፣ ቃሉ ቢያንስ እንኳ ፊቱ ይናገራል። ደግሞም ልብ ላለው ሰው ሌላ ነገር አለ፤ ልጅ በቡድን ሆኖ ደጅ ለደጅ ሲዞር ምስጋናውን ራሱ ያቀርባል፤ ከዘመድ ለብቻው ስጦታ ሲመጣለት ግን የሚያመሰግንለት ወላጁ ነው። ዘመድ በአንድ አጥቢያ ሲኖር ይህ ብዙም አያጎድልም ነበር፤ ልጁ በማግስቱ አዲሱን ልብስ ለብሶ በሰጪው ደጅ ያልፋልና። ዛሬ ሰጪው ሐዋሳ ወይም ዱባይ ወይም ዋሽንግተን በሚኖርበት ጊዜ፣ በደጁ የሚያልፍ ልጅ የለም። የጎደለውን ሊሞላ የሚችለው ልጁ ራሱ የጻፈው ወረቀት ነው ብዬ አምናለሁ።

ደብዳቤ ራሱ በቤታችን አዲስ አይደለም። ዘመናዊው ፖስታ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ አገራችን በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆናለች። ወደ ገበሬው ቤት የገባው ግን ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ ትምህርት ቤት በየወረዳው ሲስፋፋና በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላጆችን ሳይቀር ፊደል ሲያስቆጥር ነው። በዚያ ዘመን ማንበብና መጻፍ የቻለ ልጅ የመንደሩ ጸሐፊ ነበር። እኔም በልጅነቴ ከእነዚህ አንዱ ስለ ነበርሁ፣ ልጃቸው ወታደር ቤት የገባ ወይም ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሁመራ የወረደባቸው እናቶች ማታ ማታ ኩራዝ አብርተው ያስቀምጡኝ ነበር። «ይድረስ ብለህ ጀምር። ለጤናው እንደምን ሰንብተሃል በለው። የላክኸው ጋቢ ደርሶኛል በለው። ለብሼው የማርያም ዕለት ቤተ ክርስቲያን ብሄድ ሰው ሁሉ ማን ላከልሽ አለኝ በለው። አባትህም ነክቶ ነክቶ አየው በለው። እጅህ አይንጠፍ በለው።» እኔ የምጽፈውን እስክጨርስ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ «እስቲ አንብብልኝ» ብለው ከመጀመሪያው ያስነብቡኛል፤ ያልሁትን አላልህም ብለው ያሰርዙኛል።

ያን ጊዜ ማንም ትምህርት ነው ያለው የለም፤ ቢሆንም ከዚያ የተሻለ የምስጋና አጻጻፍ ትምህርት እስከ ዛሬ አላየሁም። ሰላምታ መቅደሙን፣ ዕቃው መድረሱ ወዲያው መነገሩን፣ ስጦታው የት እንደ ዋለና ሰው ምን እንዳለበት መጻፉን፣ ምርቃቱ በመጨረሻ መምጣቱን ልጁ ከትልልቅ ሰዎች አፍ እየሰማ በእጁ ያስገባው ነበር። የእጅ ስልክ ሲመጣ ይህ ሁሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቀረ። ስልክን ለመንቀፍ አይደለም፤ ልጃቸው ከራቀባቸው እናቶች ድምፁን በሰሙ ጊዜ የፈሰሰውን የደስታ እንባ አይቻለሁና። ሆኖም ስልኩ ሲመጣ የጠፋው የልጆቹ ልምምድ ነው። በማስተምርበት ዘመን መጨረሻ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን ደብዳቤ ጻፉ ስላቸው «ውድ ጓደኛዬ ሆይ፣ ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደኅና ነኝ» ብለው ይጀምሩና እዚያው ይቆማሉ። የሚቆሙት ችሎታ አንሷቸው አይደለም፤ ደብዳቤው ለሌለ ጓደኛ፣ ስለ ሌለ ጉዳይ የሚጻፍ ስለ ነበረ ነው።

ይህን ሐሳብ በሰፈር ባነሣሁ ቁጥር «የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለኝ ሰው አላጣም። በምዕራባውያን ዘንድ ልጆች ከልደታቸው ወይም ከገና በኋላ ተቀምጠው የምስጋና ካርድ የሚጽፉበት ልማድ መኖሩ እውነት ነው፤ ካርዱም ታትሞ በየመደብሩ ይሸጣል። ይሁን እንጂ ለስጦታ በጽሑፍ ማመስገን የእነርሱ ብቻ ነው ማለት ታሪካችንን መዘንጋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በቆንስል ካሜሮን እጅ የላከችላቸውን ሽጉጦች ተቀብለው፣ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. በአማርኛ ባስጻፉት ደብዳቤ ስጦታው እንደ ደረሳቸውና እንዳመሰገኑ ገልጠዋል። ደብዳቤው ሎንዶን ደርሶ መልስ ሳይሰጠው ተቀመጠ፤ ይህም መናቅ ንጉሠ ነገሥቱንና እንግሊዞችን አጋጭቶ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ ካደረሱት ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። የልጅ ጫማን ከመቅደላ ጋር ምን አገናኘው የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔ የምለው፣ ከተሰጠን ነገር በኋላ ብዕር ማንሣትን ከማንም አልተበደርነውም ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይጠነክራል፤ የመጣውም ከአንድ የማከብራቸው ካህን ነው። ምጽዋት በስውር ነው፣ የሰጠ ሰው ምስጋና ከጠበቀ ዋጋውን ተቀበለ ማለት ነው አሉኝ። ትክክል ነው፤ ነገር ግን ይህ ትእዛዝ የሰጪው እንጂ የተቀባዩ አይደለም። በዚያው በወንጌል ከለምጽ ከነጹት ዐሥር ሰዎች ለማመስገን የተመለሰው አንዱ ብቻ በሆነ ጊዜ የዘጠኙ ወሬ ተጠይቋል። ሰጪው አይጠብቅ፣ ተቀባዩ አይርሳ፤ ሁለቱ አይጣሉም። አባቶቻችንም ላደረገልህ አድርግለት ወይም ንገርለት ብለዋል፤ ልጅ ደግሞ ላደረገለት ማድረግ የማይችል ስለሆነ መናገሩ ብቻ ነው የሚቀርለት።

ሰጪው አይጠብቅ ማለት ቢመጣለት አይደሰትም ማለት እንዳልሆነም ሊታወቅ ይገባል። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ውለታ ለዋለላቸው ሰው የምስጋና ደብዳቤ የጻፉ ሰዎች ተቀባዩ ምን ይሰማው ይሆን ተብለው ተጠይቀው ነበር። ጸሐፊዎቹ የተቀባዩን ደስታና መገረም ከእውነተኛው አሳንሰው፣ ኀፍረቱን ደግሞ ከእውነተኛው አግዝፈው ገምተው ተገኙ። ከሁሉ የሚበልጠው ለእኔ ለመምህሩ ይህ ነው፤ ጸሐፊዎቹ የተጨነቁት ቃላቱን አሳምሬ ጽፌ ይሆን እያሉ ሲሆን፣ ተቀባዮቹ ግን ልብ ያሉት የቃሉን ሙቀት ነበር። ልጆቻችን ደብዳቤ እንዳይጽፉ የሚያደርጋቸውም፣ ወላጆችን እንዲያርሙ የሚያስቸኩላቸውም ይኸው የማያስፈልግ ጭንቀት ነው።

ነገሩን በቅርብ ለማሳየት የአንዲት የጎረቤቴ ልጅ፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ፣ የጻፈችውን በእናቷ ፈቃድ እጠቅሳለሁ። የደብረ ማርቆስ ክረምትና ጭቃ ይታወቃል፤ አክስቷ ከሐዋሳ ቀይ የዝናብ ቦት ላከችላት። ከደብተር በተቀደደ ገጽ ላይ እንዲህ አለች፦ «ይድረስ ለእትዬ። እንዴት ነሽ? እኛ ደና ነን። የላክሽልኝ ቦት ደረሰኝ። ቀይ ስለሆነ ደስ ብሎኛል። ትንሽ ይሰፋኛል ግን እማዬ ካልሲ ደርባልኝ ልክ ሆነ። ትናንት ጭቃ ውስጥ ሄድኩበት ውሀ አልገባም። ወንድሜ አንዱን አድርጎ ሲሮጥ ወደቀ። ሳቅን። መቼ ትመጫለሽ? እግዜር ይስጥልኝ።»

እናቷ ይህን ይዛ ወደ እኔ የመጣችው ላርምላት ነበር። «ይሰፋኛል ማለት ነውር ነው፣ ስጦታ ማማረር ይመስላል፤ የወንድሟ መውደቅስ ምን ቤት ነው? ደግሞ ለአክስቷ አንቺ ትላለች» አለችኝ፤ በእርሷ ሐሳብ ደብዳቤው «ለተደረገልኝ መልካም ነገር ሁሉ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን ሳቀርብ» በሚል እንዲጀምር ነበር። እኔ ግን አንዲትም ፊደል እንዳትነካ መከርኋት። ይሰፋኛል ያለችው ማማረር አይደለም፤ ለአክስቷ የእግሯን ልክ የነገረችበት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጫማ ሲገዛ የሚጠቅመው ይኸው ዐረፍተ ነገር ነው። ውኃ አልገባም ያለችው ቦቱ የተሰጠበትን ሥራ መሥራቱን ነው። ወንድሟ መውደቁን ስታነብ አክስቷ ያን ግቢ፣ ያን ጭቃና እነዚያን ሁለት ልጆች ታያለች። «ከልብ የመነጨ ምስጋና» የሚለውን ግን ማንም ለማንም ሊጽፈው ይችላል፤ እንዲያውም በየመሥሪያ ቤቱ የስንብት ግብዣ ላይ ሲነበብ የምንሰማው እርሱን ነው።

አንቺና አንቱን በተመለከተ የእኔ አስተያየት ልጁ በአፉ እንደሚጠራው ይጻፍ ነው። አክስቱን በቤት አንቺ እያለ አድጎ በወረቀት ላይ እርስዎ ቢላት ደብዳቤው የእርሱ እንዳልሆነ ወዲያው ታውቃለች። አያቱን፣ የክርስትና አባቱን፣ የኔታን አንቱ የሚል ከሆነ ደግሞ በጽሑፍም አንቱ ማለቱ የግድ ነው፤ ይህን እንዲያስተካክል ቢነገረው ተገቢ ነው። ከዚህ ውጭ ያለውን ግድፈት፣ «ደኅና» ተብሎ የሚጻፈው «ደና» መሆኑን ጨምሮ፣ ለክፍል መምህሩ ብንተወው እወዳለሁ፤ ይህን የምለው ዕድሜዬን ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ሳሰምር የኖርሁ ሰው ነኝ።

ወላጆች ጊዜውንም ቢያስቡበት ጥሩ ነው። ዕቃው በተከፈተበት ሰዓት «ጻፍ» የተባለ ልጅ ከደስታው ተነጥቆ ወደ ሥራ የተወሰደ ስለሚመስለው ያኮርፋል፤ የሚጽፈውም ነገር የለውም፣ ገና አልለበሰውማ። ጥቂት ቀን ለብሶት፣ ተጫውቶበት፣ ወደ ትምህርት ቤት ይዞት ሄዶ ጓደኞቹ ምን እንዳሉት ሰምቶ ሲመለስ ነው የሚነገር ነገር የሚያገኘው። «እስቲ ቦርሳው ውስጥ ምን ምን ከተትህበት? ይህንኑ ለአጎትህ ጻፍለት» ማለት «ደብዳቤ ጻፍ» ከማለት ይሻላል። መጻፍ ያልጀመረ ሕፃን ሥዕል ይሣል፤ ከሥዕሉ ሥር እናቱ ወይም ታላቅ እህቱ እርሱ ያለውን፣ ሳያሳምሩ፣ ቃል በቃል ይጻፉለት። ስጦታውን ቆልፎ «ሳትጽፍ አይሰጥህም» የሚል ወላጅ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ይህ ግን ምስጋናውን ወደ ቀረጥ መለወጥ ነው። ገንዘብ የተላከለት ልጅም ምን እንደ ገዛበት ይጻፍ እንጂ ስንት እንደ ደረሰው መቁጠር አያስፈልገውም። ከዕቃ ይልቅ ከብት የሚሰጥበት ቤት ደግሞ ብዙ የሚጻፍ አለው፤ የክርስትና አባቱ ጫጩት ወይም ጠቦት የሰጠው የገጠር ልጅ ጫጩቷ አድጋ እንቁላል መጣሏን፣ ጠቦቱ መወፈሩን ባወቀ ጊዜ ሁሉ አዲስ ወሬ አለው።

አሁን ወደማልወደው ነገር እመጣለሁ፤ ባልወደውም ግን ሳልናገረው ማለፍ አልችልም። ብዙ የምስጋና ደብዳቤ የሚበላሸው በመጨረሻው መስመር ነው። ልጁ ጽፎ ሲጨርስ ወላጅ ከኋላ ቆሞ «ዩኒፎርም እንዳልተገዛልህም ጨምርበት»፣ «የሚመጣው ዓመት ደግሞ ስልክ ካለ በልልኝ» ይላል። ችግር የለም አልልም፤ ኑሮው እንዴት እንደ ከበደ የማያውቅ የለም፤ ዘመድ ከዘመድ መለመኑም ያለና የነበረ ነው። ልመናው ግን በትልልቆቹ አፍ፣ በሌላ ቀን፣ በሌላ ስልክ ይሁን። ምስጋናው ሥር ልመና የተለጠፈበት ደብዳቤ የደረሰው ሰው ሁለተኛውን ፖስታ ሲያይ ከመክፈቱ በፊት ይጨነቃል፤ ምስጋናውንም ለልመናው ማለዘቢያ የተቀባ ቅቤ አድርጎ ይቆጥረዋል። ከዚህ የባሰው ልጁ የሚማረው ነው፤ አመሰግናለሁ ማለት ጨምርልኝ ማለት መሆኑን ይማራል። ውጭ የሚኖሩ ዘመዶቻችን አገር ቤት መደወል ይፈራሉ ሲባል የምንሰማው ከባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም።

በዕርዳታ ድርጅት በኩል የሚረዱ ልጆችም አሉ፤ ለማያውቁት የባሕር ማዶ ረጂ በዓመት የተወሰነ ጊዜ ደብዳቤ እንዲጽፉ ይደረጋል። ድርጅቱ የራሱ ምክንያት ይኖረዋል፤ ረጂውም ገንዘቡ ለማን እንደ ደረሰ ማወቅ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ነገር ግን ልጆች በአንድ ክፍል ተሰብስበው ከሰሌዳ ላይ አንድ ዓይነት ቃል ሲገለብጡ ማየት ያሳዝናል፤ ዐሥራ ምናምን ልጅ በአንድ አፍ ስለ አንድ ዓይነት ደስታ ይጽፋል። የልጁ ድህነት ባለ ዕዳ አድርጎት ዕዳውን በቃል እንዲከፍል የሚደረግ ይመስላል። ቢያንስ ቢያንስ አስተባባሪዎቹ ከሰሌዳው ላይ ያለውን አጥፍተው ልጆቹን ስለ ላማቸው፣ ስለ ወንዛቸው፣ ትናንት ስለ በሉት እንዲጽፉ ቢተዉአቸው ረጂውም የበለጠ ይረካል ባይ ነኝ።

ትምህርት ቤቶቻችን ለዚህ ጉዳይ አዲስ ነገር መፍጠር አይጠበቅባቸውም። የደብዳቤ አጻጻፍ በአማርኛ ትምህርት ውስጥ ድሮም አለ፤ የግብረ ገብ ትምህርትም በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ወደ አንደኛ ደረጃ ተመልሷል። የጎደለው ደብዳቤው እውነተኛ መሆኑ ነው። መምህራን በጥቅምት ወር ተማሪዎቻቸው በእውነት ላሉ፣ በእውነት ነገር ላደረጉላቸው ሰዎች እንዲጽፉ ቢያደርጉ፣ ደብዳቤውም ከክፍል ወጥቶ ለባለቤቱ ቢላክ፣ ከመማሪያ መጽሐፉ የተቀዳ ዐሥር ደብዳቤ የማያስተምረውን ያስተምራል። ስጦታ ያልመጣለት ልጅ በክፍሉ መኖሩም እንዳይዘነጋ፤ እርሱ ከብት ያገደለትን ወንድሙን፣ እርሳስ ያዋሰውን ጓደኛውን፣ ወንዝ ያሻገረውን ጎረቤት ያመስግን። ውጤት የሚሰጥበት ከሆነ ደግሞ ለእጅ ጽሕፈቱና ለሥርዓቱ እንጂ ለምስጋናው መጠን ነጥብ ባይሰጥ ይመረጣል። በክልላችን ባለፉት ዓመታት በነበረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ በቤት ላሉት ለእነዚህ ልጆች ግማሽ ገጽ ደብዳቤ መጻፍ እጃቸው ፊደሉን እንዳይረሳ ከሚያደርጉ ጥቂት ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል። እርሳስና ወረቀት ካለ ሌላ ምንም አይጠይቅም።

መላኪያውን በተመለከተ፣ በአገራችን ፖስታ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ወደ ፖስታ ሣጥን እንጂ ወደ ቤት ስላልሆነ፣ ሣጥን ቁጥር የሌለው ዘመድ ብዙ ነው። ይህ ሰበብ አይሆንም። ወረቀቱ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በቴሌግራም ሊላክ ይችላል፤ ዋናው ቅጂ ደግሞ ዕቃውን ያመጣው ሾፌር ወይም መንገደኛ ሲመለስ ይያዝ። በሰው እጅ የሚላክ ዕቃ መንገድ ላይ የሚጎድልበት ጊዜ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለንና፣ የልጁ ደብዳቤ ምን እንደ ደረሰ ስለሚናገር ከምስጋናነቱ አልፎ ደረሰኝም ይሆናል። በድምፅ መልእክት ቢሆንስ ለሚለኝ ወላጅ መልሴ ከምንም ይሻላል የሚል ነው፤ ልጁ ግን ሲጽፍ ስለ ሰጪው የሚያስብበትን ያህል ጊዜ ሲናገር አያስብም፤ ድምፁም በስልኩ ውስጥ ከሌላው ሁሉ ጋር ተደርቦ ይጠፋል።

በመጨረሻ ለሰጪዎች አንድ ቃል አለኝ። የልጅ ደብዳቤ የደረሳችሁ ዘመዶች፣ አጭርም ቢሆን መልስ ጻፉለት፤ መልሱም ለእናቱ ወይም ለአባቱ ሳይሆን በራሱ በልጁ ስም ይሁን። «ደብዳቤህ ደረሰኝ፣ ወንድምህ አልተጎዳም ወይ?» የሚል ሁለት መስመር ይበቃል። ስለ ፊደሉ ግድፈት አትንገሩት፤ «ጎበዝ ተማሪ ሁን» የሚለውን ምክርም ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ልጁ የጻፈው ነገር ተነብቦ መልስ ካገኘ የሚቀጥለውን ደብዳቤ ለማስጻፍ እናቱ ብዙም አትቸገርም፤ መልስ ካጣ ግን ሁለተኛ ጊዜ ጻፍ ቢሉት የሚሰማ አይሆንም፤ አይፈረድበትምም።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛው የአማርኛ መምህር
ከደብረ ማርቆስ